ከመርሳው መዝገብ የተሰረዘው ስም

ሥራ የጀመርኩ ቀን መርሳ የደረስኩት ከወልድያ በተነሳው የመጀመሪያ ሚኒባስ ነው። ጭኔ ላይ አዲስ ቦርሳ ነበር። ውስጡ ሁለት የገቢ ደረሰኝ ጥራዝ፣ አንድ የገቢና ወጪ መዝገብ፣ ካልኩሌተርና ከቢሮ የተሰጠኝ ባለ ዘጠኝ ገጽ መጠይቅ ነበረ። መጠይቁ የአንድን ማኅበር አቅም መለኪያ ነው። ቦርድ አለው ወይ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል ወይ፣ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይ እያለ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣል።

ከዚያ በፊት ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ የቀጠረኝ ፕሮጀክት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ያቋቋሟቸውን የእንክብካቤ ማኅበራት በአመራርና በሒሳብ አያያዝ የሚያጠናክር ነበር። አለቃዬ ሲስተር አልማዝ በሙያቸው ነርስ ናቸው። ልሄድ ስል የሰጡኝ ምክር አንድ ብቻ ነው። ሒሳቡ የትም አይሄድብህም፣ መጀመሪያ የሚያቀርቡልህን ጠጣ አሉኝ። ያን ሰዓት ነገሩ አልገባኝም።

የማኅበሩ ቤት ከገበያው ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። ሊቀ መንበሯ እትዬ ከድጃ ሻይ በብርጭቆ ቀድተው ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ያኔ የሲስተር አልማዝ ምክር ገባኝ። ጠጣሁ። ግን ከመጠጣቴ በፊት የብርጭቆውን አፍ በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግሁት። ስለ ቫይረሱ መተላለፊያ መንገድ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ እጄ ግን ገና አልሠለጠነም። እትዬ ከድጃ አዩኝ። ብርጭቆው ሲጎድል ሞሉልኝ።

እትዬ ከድጃ የሀብሩ ወረዳ ገጠር ልጅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አውራ ጎዳናው ዳር ለመንገደኛ ማንጎና ፓፓያ እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል። ቫይረሱ እንዳለባቸው በአደባባይ የተናገሩ ጊዜ ፍሬያቸውን የሚገዛ ጠፋ። ሽያጩን ትተው ከአምስት ሴቶች ጋር ሆነው አልጋ የያዙ ሕሙማንን ማጠብና ማብላት ጀመሩ። ማኅበሩ የተወለደው እንዲያ ነው። እትዬ ከድጃ ፊደል አልቆጠሩም።

የገንዘብ መዝገባችሁን አሳዩኝ አልኳቸው። መዝገብ የለንም አሉ። ታዲያ ወጪውን በምን ታውቁታላችሁ ብል ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የሦስቱን ወር ወጪ ከነቀኑና ከነሰዉ ስም ይነግሩኝ ጀመር። እየተከተልኩ ጻፍኩ። ከባንክ ደብተሩ ጋር ሳመሳክረው የጎደለው የአንድ ሳሙና ዋጋ ብቻ ነበር። እሱንም ከሰዓት በኋላ አስታወሱት። መጠይቁ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም። በዚያ ቀን ለመርሳው ማኅበር ከሰጠሁት ነጥብ አብዛኛው ዜሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የምወዳቸው ናቸው። በወር ሁለቴ ወደ መርሳ እወርዳለሁ። ስሪንቃን ስናልፍ ሙቀቱ ይጀምራል፣ ኮቴን አወልቃለሁ። ጥቅምት ላይ የሀብሩ ማሽላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲታይ ሚኒባሱ ባይደርስ ደስ ይለኝ ነበር።

ሒሳብ ያስተማርኩት ታደለ የሚባል የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንድ ጊዜ ታሞ መርሳ ላይ ከመኪናው ወረደ፣ በእትዬ ከድጃ እጅ ዳነ፣ በዚያው ቀረ። ቁጥር አያያዙ እንደ መሪ አያያዙ ጥንቁቅ ነበር። በወሩ መጨረሻ የባንኩን መግለጫ ከእኛ መዝገብ ጋር ስናስታርቅ አምባሰል ያንጎራጉራል። ልዩነት ሲያጋጥመው ዜማው ቀጥ ይላል። ልዩነቱን ሲያገኘው ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም የሒሳቡን ነገር ከፊቱ ሳይሆን ከዜማው ማወቅ ለመድኩ።

አንድ ጊዜ ለገጠር ሕሙማን እህል በአህያ ያጓጓዘ ገበሬ ተከፈለው። ኦዲተሩ ደረሰኝ አምጡ አለ። ገበሬ ከየት ያመጣል? ታደለ እየተቆጣ ወደ እኔ መጣ። አንድ ቅጽ ነደፍኩለት፤ የተከፋዩ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የጣት አሻራ፣ የሁለት እማኞች ፊርማ። ኦዲተሩ ተቀበለው። አባላቱ ስሙን የአህያ ደረሰኝ አሉት። ኋላ ሌሎች የዞኑ ማኅበራትም በዚያው ስም ይጠሩት ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሒሳቡ አልነበረም። ባረቀቅኩት መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ሊቀ መንበር ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ አይቆይም። የእትዬ ከድጃ ጊዜ አልቆ ነበር። ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። እርስዎ ሲታመሙ ማኅበሩም አብሮ ይታመማል፤ ሥራው ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጥቶ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት አልኳቸው።

"ወልደሽ ያሳደግሽውን ለጎረቤት ስጪ ነው የምትለኝ" አሉ።

"ለጎረቤት አይደለም እትዬ ከድጃ፣ ለታደለ ነው።"

"ታደለንስ ማን አሳደገው?" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

በጉባኤው ቀን ታደለን ለመምረጥ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው የቤት ለቤት እንክብካቤ ኃላፊ ሆኑ። ማኅተሙን ለታደለ ሲያስረክቡ በማስረከቢያ ቅጹ ላይ አሻራቸውን አኖሩ። ከዚያ ወጥተው በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔም ወጥቼ አጠገባቸው መቀመጥ ነበረብኝ፤ ቃለ ጉባኤውን እያስተካከልኩ ውስጥ ቀረሁ።

የአባላት መዝገብ ያዘጋጀነው ከዚያ በኋላ ነው። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ የመድኃኒት ዓይነት፣ መድኃኒት የወሰደበት ቀንና ለስንት ወር እንደወሰደ ይጻፍበታል። ባለ ሁለት ቁልፍ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ቁልፍ ሊቀ መንበሩ ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዧ ጋ ይውላል። በአንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ገምጋሚ እንደሚመጣ ሲስተር አልማዝ ነገሩኝና ዝርዝሩ ይጥራ አሉ። እኔና ታደለ ተቀምጠን መዋጮ ያልከፈሉትን፣ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ያልመጡትን ለየን። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ።

እትዬ ከድጃ ሰምተው መጡ። እነዚህ ጠፍተው ሳይሆን አፍረው ነው የቀሩት አሉ። በተለይ ስለ አንድ ሰው ተከራከሩኝ። አቶ ይመር ይባላሉ፤ ከመርሳ ቆላውን ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስብሰባ የማይመጡት የአገራቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። መድኃኒታቸውን ከጤና ጣቢያ እየወሰዱ የሚያደርሱላቸው እትዬ ከድጃ ነበሩ። እኔ ግን ሲመለሱ እንደገና ይመዘገባሉ አልኩና በማስመሪያ ቀይ መስመር አሰመርኩ። ስማቸው ከዝርዝሩ ሲወጣ እትዬ ከድጃ ወደ እሳቸው ለሚሄዱበት መንገድ ይታሰብ የነበረው የትራንስፖርት አበልም ቀረ። አቶ ይመርም መድኃኒቱን ማንም ከማያውቃቸው ከወልድያ ራሳቸው እየሄዱ መውሰድ ጀመሩ። በዚያ ግምገማ የመርሳው ማኅበር ከዞኑ የላቀውን ነጥብ አገኘ። የምስጋና ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የደረሰ ክረምት ታደለ ለስብሰባ ደሴ ሄዶ ነበር። መንገዱ ተዘጋና በወዲያኛው በኩል ቀረ። ሲስተር አልማዝ ቤተሰባቸውን ይዘው ቀደም ብለው ወጥተዋል። አባቴ መራመድ ስለማይችሉ እኔ ወልድያ ቀረሁ። ከተማዋ ተያዘች። ስልኩም መብራቱም ባንኩም በአንድ ሰሞን ጠፋ። ለዓመታት ሳስተምረው የኖርኩት ቼክ፣ ሁለት ፊርማና የባንክ ማስታረቂያ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ከንቱ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ረፋድ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍተው እትዬ ከድጃ ከአንዲት የማኅበሩ ሴት ጋር ቆመዋል። ከመርሳ በእግራቸው ተነስተው ስሪንቃ ዘመድ ቤት አድረው ነው የመጡት። ጫማቸው በገመድ ታስሯል። ውሃ ጠጥተው አረፍ ካሉ በኋላ የመጡበትን ነገሩኝ።

መርሳ ላይ አዲስ መድኃኒት የሚታደልበት ቦታ የለም። ከጦርነቱ በፊት የስድስት ወር የወሰዱ አባላት ብልቃጡ በእጃቸው አለ። የመውሰጃ ቀናቸው ክረምት ላይ የዋለባቸው ግን ጨርሰዋል፣ ወይም ሊጨርሱ ነው። ያለው ለሌለው እንዲያበድር እትዬ ከድጃ አስበዋል። የትኛው ሰው ምን ዓይነት እንደሚወስድና ስንት እንደተረፈው ግን የተጻፈው መዝገቡ ላይ ነው። መዝገቡን ከካዝናው አውጥተው ቀብረውታል። ታደለ ደሴ ሲሄድ ቁልፉን በፊርማ አስረክቧቸው ነበር። ማንበብ የምትችለው ገንዘብ ያዥ ቁልፏን ትታላቸው ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳለች።

መርሳ ውስጥ የሚያነብ ሰው ጠፋ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የሚያነብማ ሞልቷል" አሉ። "ስማችንን ሊያይ የሚገባው ነው ያጣሁት። መዝገቡን ያስጻፍከን አንተ ነህ። መጥተህ አንብብልን።"

አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። እህትህ አለችልኝ፣ ሂድ አሉኝ።

አውራ ጎዳናውን ትተን በማሽላው መሀል በእግር መንገድ ሄድን። የደረሰው ማሽላ ሰብሳቢ አጥቶ ወፍ ሰፍሮበታል። በአንድ ቦታ ታጣቂዎች አስቆሙን። እትዬ ከድጃ ወንድሜ ነው፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው አሏቸው። ቦርሳዬን ፈተሹ። ካልኩሌተሩን ወስደው ለቀቁን።

መዝገቡ የተቀበረው ማኅበሩ ለገቢ ባሠራው የዶሮ ቤት ውስጥ ነው። ዶሮዎቹ አልቀዋል። በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር አንድ ገጽ እንኳ አልራሰም። ነርስ እንድሪስ የሚባል መርሳ የቀረ የጤና ባለሙያ ጠራን። እሱ ባይኖር ይህን ሥራ አንደፍረውም ነበር። አብዛኞቹ አባላት የሚወስዱት አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። ሌላ ዓይነት የሚወስዱትንና ልጆቹን ለይቶ፣ ማን ለማን ማበደር እንደሚችል የወሰነው እሱ ነው።

ሦስት ቀን በጓዳው ውስጥ አነበብኩ። እኔ ስም፣ ቀበሌና ቀን አነባለሁ። እንድሪስ የተረፈውን ያሰላል። እትዬ ከድጃ ሰውየው አሁን የት እንዳለ ይናገራሉ፤ ሸሽቷል፣ ውርጌሳ ልጁ ጋ ነው፣ እዚሁ አለ። አዲሱ ወረቀት ላይ ስም አልጻፍንም። ከቁጥር ይህን ያህል ለቁጥር ይህን ያህል አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው የሚለው። ጥቅሉን የሚያደርሱት ከእትዬ ከድጃ ጋር ከጥንት ጀምሮ ሕሙማን ሲያጥቡ የኖሩት ሴቶች ናቸው።

ሁሉም በደስታ አልሰጠም። አንዲት እናት አራት ብልቃጥ ነበራት። ይህ ጦርነት መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል፣ እኔ ከሞትኩ ልጆቼን ማን ያሳድጋል ብላ እምቢ አለች። ላግባባት ስጀምር እትዬ ከድጃ በእጃቸው አስቆሙኝ። ልክ ነሽ፣ አትስጪ አሏት። ግን ያለቀባቸው ሰዎች ጋ ልሄድ ነውና አብረሽኝ ሂጂ፣ ብቻዬን ከበደኝ አሏት። አብራቸው ሄደች። ስትመለስ ሁለቱን ብልቃጥ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ገጽ ጨርሼ መዝገቡን ዘጋሁ። እትዬ ከድጃ በጣቶቻቸው ሲቆጥሩ ቆዩና ቀና አሉ።

"ይመርስ?" አሉኝ።

አላነበብኩትም ነበር። ቀይ የተሰመረባቸውን ሁሉ ዘልያቸዋለሁ። ገጹን ገለጥኩት፤ ስሙ ከመስመሩ ሥር በደንብ ይነበባል። እትዬ ከድጃ ወልድያ ከተዘጋች ስንት ወር እንደሆነ አሰቡ። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉ።

ያን ቀን እንድሪስን ይዘን ወረድን። አቶ ይመር መደብ ላይ ተኝተው አገኘናቸው። ሰውነታቸው አልቋል፣ ሳሉም አያስተኛቸውም። መድኃኒት ካቆሙ ከሁለት ወር በላይ ሆኗቸዋል። ሚስታቸው ብርድ ነው የመታቸው ብለው ነገሩን። ሚስትየው ውሃ ሊያመጡ ሲወጡ አቶ ይመር ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ከማኅበሩ ነህ?"

"አዎ።"

"ስሜ አሁንም አለ?"

እትዬ ከድጃ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ያዙ። "አለ ይመር፣ እኔ ዘንድ አለ" አሏቸው።

እንድሪስ በእጁ ያለውን ሁሉ አደረገ። መድኃኒቱን ጀመሩ፣ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆዩ። ከዚያ አረፉ። እኔም ገና ወልድያ አልተመለስኩም ነበርና ቀብራቸው ላይ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ስንመለስ መንገድ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው እትዬ ከድጃን። "አብሽር" አሉኝ ብቻ። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ከተማዎቹ ነጻ ከወጡ በኋላ ታደለ መንገዱ እንደተከፈተ መጣ። ጢሙ ሸብቶ ነበር። መዝገቡን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አየው፣ የብድሩንም ወረቀቶች ቆጠረ። መድኃኒት እንደገና ሲታደል ተበዳሪዎቹ መለሱ። ያልተመለሰው ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነው። ተበዳሪዎቹ አገር ለቀው የሄዱ ናቸው፤ አበዳሪዎቹም ይቅርላቸው አሉ።

ሲስተር አልማዝ ሪፖርቱን ሳቀርብ ይህ ብድር በየትኛው ርዕስ ሥር ነው የሚገባው አሉኝ። ርዕስ የለውም አልኳቸው። በአባሪ አያያዝነው። ኋላ ከአዲስ አበባ የመጣው ገምጋሚ ብድሩን ቦርዱ አጽድቆታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ታደለ ቦርዱ ያኔ ደሴ ነበር አለው። ገምጋሚው ሳቁን መያዝ አቃተው፣ እኛም አብረን ሳቅን። ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቅሁ አላስታውስም።

የቀሩትን አሥር ስሞች እኔና እትዬ ከድጃ ቤት ለቤት ፈለግናቸው። ሁለቱ ሞተዋል። አንዷ አፋር ልጇ ጋ ሄዳለች። ሰባቱን አገኘናቸው። አምስቱ ስማችን ይመለስ አሉ፤ ሁለቱ ግን አትምጡብን አሉ፣ አክብረን ተመለስን። ታደለ አምስቱን በራሱ እጅ ጻፈ። ጠቅላላ ጉባኤውም በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ። አንድ ሰው ቤቱ ተሄዶ ሳይጠየቅና ያ በቃለ ጉባኤ ሳይሰፍር ከመዝገብ አይሰረዝም ይላል። አንቀጹን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉን ግን እትዬ ከድጃ ናቸው የሰጡኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አልፎ አልፎ ወጣት ባልደረቦች ሥልጠና ሲሰጡ ይጠሩኛል። መጠይቁ አሁን በታብሌት ነው፣ ነጥቡንም ራሱ ይደምራል። ስሪንቃን ሳልፍ አሁንም ኮቴን አወልቃለሁ። የታደለ ዜማ፣ የአህያው ደረሰኝ፣ በወሩ መጨረሻ ልዩነቱ ዜሮ ሲመጣ የነበረው ደስታ ሁሉ ይናፍቀኛል።

የምነግራቸው ይህን ነው። ሥራውን ከአንድ ሰው ጭንቅላት አውጥታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ባይሰፍር ኖሮ በዚያ ዓመት ብዙ ሰው እናጣ ነበር። ስም ከዝርዝር ከመሰረዛችሁ በፊት ግን የሰውየው ቤት ሂዱ። ቤቱ ሩቅ ሆኖ መሄድ ካልቻላችሁ ስሙን አትንኩት።